ክሎድ ማኬይ፦ ከጃማይካ ወጥቶ ያልተመለሰው ገጣሚ

ኒውዮርክ ውስጥ ነው። የአንድ ሱቅ መስኮት ላይ ፍራፍሬ ተደርድሯል። ሙዝ አለ፣ የበሰለም ጥሬውም። ዝንጅብል አለ። ካካዎ ከነቅርፊቱ፣ አቮካዶ፣ መንደሪን፣ ማንጎ። አንድ ሰው ከመስኮቱ ፊት ቆሟል። ዓይኑ ፍሬው ላይ ነው፤ ልቡ ግን ሄዷል። ፍሬ የከበዳቸው ዛፎች ይታዩታል። ዝግ ባለ ድምፅ የሚያዜሙ ጅረቶች፣ ጤዛ ያለው ንጋት፣ ከተራራ በላይ የተዘረጋ ሰማያዊ ሰማይ። ከዚያ ዓይኑ ይፈዛል። መስኮቱን ማየት ያቅተዋል። ፊቱን ያዞርና አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል።

ይህ አንድ ግጥም ነው። ያለው 12 ስንኝ ብቻ ነው። የጻፈው ክሎድ ማኬይ ይባላል፤ ጃማይካ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ገጣሚ ነው። ከአገሩ ርቆ የኖረ ሰው ግጥሙ እንዲብራራለት አይፈልግም። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ውስጥ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ የኮሰረት ሽታ አፍንጫው ውስጥ የገባ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ዓለም ማኬይን በብዛት የሚያውቀው በዚህ ግጥም አይደለም። የሚያውቀው በቁጣው ነው። ስለ እሱ ሲነሳ ቶሎ የሚጠቀሰው "መሞታችን ካልቀረ" የሚለው ግጥም ነው። ስለዚህ አንባቢው ሁለት ማኬይ ያለ ይመስለዋል፤ አንዱ የሚያለቅስ፣ አንዱ የሚፎክር። እኔ ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው እላለሁ። ምንጩን ለማየት የሰውየውን መንገድ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማኬይ ማን ነበር?

የተወለደው ጃማይካ መሃል በሚገኘው ክላረንደን በሚባል ተራራማ አውራጃ ነው። የትውልድ ዓመቱን አንዳንዶች 1889፣ ሌሎች 1890 ይሉታል። ከአሥራ አንድ ልጆች የመጨረሻው ነው። አባቱ የራሱ መሬት ያለው፣ በአካባቢው የተከበረ ገበሬ ነበር። ለልጆቹ ስለ አሻንቲዎች ይተርክላቸው ነበር፤ አሻንቲ ዛሬ ጋና በምትባለው አገር የሚኖር ሕዝብ ነው። ታላቅ ወንድሙ አስተማሪ ነበር። ትንሹን ማኬይን ወስዶ አስተማረው፤ የመጻሕፍት ስብስቡንም ከፈተለት።

ጃማይካ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ከላይ የተቀመጠው ነጭ ነው። የቆዳ ቀለም መናናቅም ነበረ። ነገር ግን ማኬይ ባደገበት መንደር ገበሬውም፣ መምህሩም፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌውም ጥቁር ነው። ልጁ ዙሪያውን ሲያይ የሚያየው እንደ እሱ ያሉ፣ ቀና ብለው የሚሄዱ ሰዎችን ነው። ይህችን ነጥብ እንያዛት። ኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ የሚቆመው በእሷ ላይ ነው።

ፓትዋ ምንድን ነው?

ፓትዋ ጃማይካዊ በቤቱና በገበያው የሚናገረው ቋንቋ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ተግዘው ለሸንኮራ እርሻ የመጡት ሰዎች አፋቸውን የፈቱት በተለያየ ቋንቋ ነበር። አዛዦቻቸው ደግሞ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ከዚያ መሃል አዲስ ቋንቋ ተወለደ። ቃላቱ በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው፤ የአረፍተ ነገሩ አሠራርና ዜማው ግን ብዙ የአፍሪካ ነገር አለበት።

እዚህ ላይ የተለመደ ስህተት አለ። ፓትዋን "የተሰባበረ እንግሊዝኛ" የሚሉት ሞልተዋል። አይደለም። የራሱ ሥርዓት አለው። ልጅ የሚወለድበት፣ እናት የምታባብልበት፣ ሙት የሚለቀስበት ቋንቋ ነው።

በማኬይ ዘመን ግን የተማረ ሰው በፓትዋ ግጥም ይጽፋል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ማኬይም መጀመሪያ የሚጽፈው ትምህርት ቤት ባወቀው እንግሊዝኛ ነበር። ዋልተር ጄክል የሚባል፣ የጃማይካን ተረትና ዘፈን የሚሰበስብ እንግሊዛዊ ግጥሞቹን አየ። የወደደው በመንደሩ ቋንቋ የተጻፈውን ነው፤ በዚያው ግፋበት አለው። ማኬይ በመሃሉ ፖሊስ ሆኖ ተቀጠረ፤ ሥራው አልሆነለትም፣ ዓመት ሳይሞላው ወጣ። በ1912 ግን ሁለት የግጥም መጻሕፍት በፓትዋ አሳተመ። አንደኛው የገበሬውን ኑሮ ይናገራል፤ ሁለተኛው ከዚያችው የፖሊስነት ጊዜ የወጣ ነው። በመጻሕፍቱ ተሸለመ።

በዚያው ዓመት አገሩን ለቀቀ።

አሜሪካ ምን ገጠመው?

የሄደው ሊማር ነው። የእርሻ ትምህርት ተምሮ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ያመራው ታስኪጊ ወደሚባለው፣ በአላባማ ወደሚገኘው ታዋቂ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነው። ከመርከብ የወረደው ደግሞ በደቡብ ካሮላይና፣ በቻርልስተን ከተማ ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በሕግ የተለያዩ ናቸው። መግቢያው ለየብቻ፣ መቀመጫው ለየብቻ። ደንቡን ጣስክ የተባለ ጥቁር በመንጋ ተይዞ ይሰቀል ነበር።

ማኬይ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለዚህ ጊዜ ጽፏል። አሜሪካ ውስጥ ጥላቻ እንዳለ ሰምቶ እንደነበር፣ ይህን ያህል የመረረ ይሆናል ብሎ ግን አልሞ እንደማያውቅ ይናገራል። በዘሩ ላይ የተነሳን እንዲህ ያለ ግልጽ ጥላቻ ፊት ለፊት ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

እንዲህ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። በጨለማ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ግድግዳው የት እንዳለ ያውቃል። እጁን ዘርግቶ፣ ዳብሶ፣ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ አስተምረውታል። አሜሪካ ለተወለደ ጥቁር ሕፃን ኑሮው ይህ ነበር። ማኬይ ግን እዚያ ቤት የገባው በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ ነው። ከግድግዳው ጋር የተገናኘው በግንባሩ ነው። ቁጣው ትኩስ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ሌላ ዓይነት ኑሮ እንዳለ በዓይኑ አይቶ መጥቷል።

ናፍቆቱም ከዚያው ነው የሚመጣው። የጃማይካ ማንጎ ሲታየው የሚታየው ፍሬ ብቻ አይደለም። ቀና ብሎ ይሄድበት የነበረው መንገድም አብሮ ይታየዋል።

ታስኪጊ አልተስማማውም። ካንሳስ ወዳለ ኮሌጅ ተዛወረ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ እርሻውን ተወና በ1914 ኒውዮርክ ገባ። አገባ፤ ምግብ ቤት ከፈተ። ምግብ ቤቱም ትዳሩም ቶሎ ፈረሱ። ሚስቱ ወደ ጃማይካ ተመለሰች፤ እዚያ ሴት ልጅ ወለደችለት። ያቺን ልጁን በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ በዓይኑ አላያትም።

ከዚያ ያገኘውን ሁሉ ሠራ። በመጨረሻም በባቡር የምግብ ፉርጎ ውስጥ አስተናጋጅ ሆነ። በባቡሩ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሰሃን ያቀርባል፤ በትርፍ ጊዜው ይጽፋል።

"መሞታችን ካልቀረ" ስለ ምንድን ነው?

1919 ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አልቋል። ለአሜሪካ የተዋጉ ጥቁር ወታደሮች ተመልሰዋል። ከደቡብ የሸሹ ብዙ ጥቁሮችም በሰሜን ከተሞች ሥራና ቤት ይፈልጋሉ። በዚያ ዓመት በብዙ ከተሞች ነጮች በመንጋ እየወጡ ጥቁሮችን አጠቁ። ቺካጎ ውስጥ ብቻ 38 ሰው ሞተ፤ 23ቱ ጥቁሮች፣ 15ቱ ነጮች ናቸው። ያ ወቅት በታሪክ "ቀዩ በጋ" ይባላል። ቀዩ ደም ነው።

በዚያ ሰሞን የባቡር አስተናጋጆቹ በየደረሱበት ከተማ ከጣቢያ ወደ ማደሪያቸው የሚሄዱት ተያይዘው ነበር። አንዳንዶቹ ሽጉጥ ይዘዋል። ሌሊቱን ከቤት አይወጡም። ማኬይ ግጥሙ ከውስጡ የፈነዳው በእነዚያ ቀናት እንደሆነ ጽፏል። ለሥራ ባልደረቦቹ ያነበበላቸው ግጥም እሱ ብቻ ነው። ሲሰሙት ተረበሹ። ከሁሉም ቀልደኛና ግድ የለሽ የነበረው አስተናጋጅ እንኳ አለቀሰ። ጥቁሮች ወደ አፍሪካ ይመለሱ የሚል እንቅስቃሴ የመራው የማርከስ ጋርቬይ ተከታይ የሆነ አንዱ ደግሞ ወደ ድርጅታችን አዳራሽ ሄደህ አንብበው አለው።

እኔን ይህ ታሪክ ከማንኛውም ሒስ በላይ ይነካኛል። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች ፕሮፌሰሮች አልነበሩም። ማታ በሰላም ማደሪያቸው መድረሳቸውን የማያውቁ ሠራተኞች ነበሩ።

ግጥሙ በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ መሞታችን ካልቀረ፣ እንደታደኑና እንደታጎሩ አሳማዎች አንሙት፤ ያበዱ፣ የተራቡ ውሾች ዙሪያችንን ከበው እየጮሁ። መሞታችን ካልቀረ በክብር እንሙት። ከዚያ "ወገኖቼ ሆይ!" ብሎ ይጣራል። እነሱ ብዙ ናቸው፣ እኛ ጥቂት ነን፤ ቢሆንም ጀግንነታችንን እናሳይ። መጨረሻው፦ ግድግዳ ላይ ተገፍተን፣ እየሞትንም ቢሆን፣ እየመለስን እንመታለን።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ፉከራ ነው። "እየሞትንም ቢሆን" የሚለው መንፈስ በቀረርቷችን ውስጥ ሞልቷል።

እንግዳ የሚሆነው የተቀመጠበት ዕቃ ነው። ግጥሙ ሶኔት ነው። ሶኔት ማለት 14 ስንኝ ያለው፣ እያንዳንዱ ስንኝ አሥር ቀለም የሚመታ፣ ቤት አመታቱ በደንብ የተወሰነ የአውሮፓ ግጥም ነው። የእኛ የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም እየከፈለ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ሶኔትም ልኩ የታወቀ ነው። ማኬይ የተጠቀመበት የሼክስፒርን ዓይነት ነው፤ አራት አራት ስንኝ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ሁለት ስንኝ መቋጫ። ዋናው ምት የሚያርፈው በመቋጫዋ ላይ ነው። "እየመለስን እንመታለን" ያለውም እዚያ ነው።

እንግሊዞች ሶኔትን ለዘመናት በብዛት የተጠቀሙበት ለፍቅር ነው። ማኬይ ፉከራ ከተተበት። የጠጅ ብርሌ ውስጥ አረቄ እንደ መቅዳት ነው፤ ዕቃው ያው የምናውቀው ነው፣ የሚያቃጥለው ግን ሌላ ነው። "ከሰው በታች ናችሁ" ለሚል ዓለም፣ በዚያው ዓለም የከበረ የግጥም ልክ፣ አንዲት ቀለም ሳያጎድል መለሰ። ፓትዋን ለምን ተወ ብለው የሚያዝኑ አሉ፤ እኔም በከፊል አዝናለሁ። እዚህ ላይ ግን ምርጫው የገባኝ ይመስለኛል።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ግጥሙ ውስጥ "ጥቁር" የሚል ቃል የለም። "ነጭ" የሚልም የለም። "አሜሪካ" አይልም። የሚለው "እኛ"፣ "እነሱ" እና "ወገኖቼ" ነው። በዚህም የተነሳ ግጥሙ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ብዙ ቦታ ሄዷል። በ1971 ኒውዮርክ ውስጥ በአቲካ እስር ቤት እስረኞች ሲያምፁ ግጥሙ እጃቸው ላይ ተገኘ። አንድ ትልቅ መጽሔት ስሙ ያልታወቀ እስረኛ የጻፈው አስመስሎ ዘገበው። ማኬይ ከሞተ ያኔ 23 ዓመት ሆኖታል።

ስለ ግጥሙ የሚወሩት ሁሉ እውነት ናቸው?

አይደሉም። ሁለቱን ብቻ ላንሳ። "ለቺካጎው ግርግር የተጻፈ ነው" የሚባለው አይገጥምም። የቺካጎው ግርግር የተጀመረው ሐምሌ 27 ነው፤ ግጥሙ ደግሞ "ዘ ሊበሬተር" በተባለው መጽሔት የዚያው የሐምሌ ወር እትም ላይ ወጥቷል። ስለዚህ የተጻፈው በዚያ ዓመት ቀድመው ለተነሱት ጥቃቶች ነው።

ሁለተኛው የቸርችል ወሬ ነው። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግጥሙን በንግግሩ አነበበ እየተባለ በየመጽሐፉ ይደገማል። ይህን የሚያረጋግጥ የንግግር መዝገብ አልተገኘም።

ከዚያ ወዴት ሄደ?

በ1919 መጨረሻ ለንደን ገባ። እዚያ ያገኛትን ሴት እናውቃታለን፤ ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። ኋላ የኢትዮጵያ ታላቅ ወዳጅ የሆነችው፣ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈችው ሲልቪያ። ያኔ የሠራተኞች ጋዜጣ ነበራት። አንድ የለንደን ጋዜጣ በአውሮፓ ስለሰፈሩ ጥቁር ወታደሮች የሚያዋርድ ጽሑፍ ያወጣል። ማኬይ መልስ ጽፎ ላከ፤ ጋዜጣው አላትምም አለ። ሲልቪያ በ1920 በራሷ ጋዜጣ አተመችለት። በዚያው አብሯት ሠራ። ሲልቪያ ለኢትዮጵያ ጋዜጣ ያቋቋመችው ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1936 ነው።

በ1922 "የሃርለም ጥላዎች" የተባለው የግጥም መድበሉ ኒውዮርክ ውስጥ ወጣ። ሃርለም የጥቁሮች ሰፈር ነው። በ1920ዎቹ እዚያ የተነሳው የጥቁር ደራሲያን፣ ሠዓሊያንና ሙዚቀኞች እንቅስቃሴ "የሃርለም ህዳሴ" ይባላል፤ ይህ መድበል ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ነው። የሚገርመው ሰፈሩ ሲደምቅ ማኬይ አልነበረም። በ1922 ወደ ሞስኮ ሄዶ በዓለም ኮሚኒስቶች ጉባኤ ላይ ተናገረ። ከዚያ በርሊን፣ ፓሪስ፣ ማርሴይ፣ ባርሴሎና፣ ሞሮኮ። እስከ 1934 በውጭ ከረመ። ስለ ሃርለም የጻፈውን ልብ ወለድ ያሳተመው በ1928፣ እዚያው ባሕር ማዶ ሆኖ ነው። መጽሐፉ በብዛት ተሸጠ፤ ተወቀሰም። ታላቁ ምሁር ዱ ቦይስ ቆሻሻ የበዛባቸውን ክፍሎች ሲያነብ ገላውን መታጠብ እንዳሰኘው ጻፈ። ማኬይ ስለ ወደብ ሠራተኛው፣ ስለ ሰካራሙ፣ ስለ ጭፈራ ቤቱ ሳያሳምር መጻፉ ለእነ ዱ ቦይስ ጥቁሩን ማዋረድ ነበር። ለማኬይ ደግሞ እነዚያ አብረውት የሠሩ፣ አብረውት የበሉ ሰዎች ናቸው።

ከኢትዮጵያ ጋር ምን አገናኘው?

ማኬይ ኢትዮጵያን አልረገጠም። ነገር ግን ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር እሱ ከስደት ተመልሶ ሃርለም ነበር። ሰፈሩ ተናወጠ። ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ሰልፍ ይወጣል፣ ወጣቶች ሄደን እንዝመት ይላሉ። የአሜሪካ ሕግ ለሌላ አገር ጦር መመዝገብን ይከለክል ስለነበር አብዛኞቹ ቀሩ። ከቺካጎ መጥቶ አውሮፕላን ያበረረልን ጆን ሮቢንሰን ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። በኋላም ዶክተር መላኩ በያን ኒውዮርክ ላይ ሆኖ በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ።

ማኬይ ይህን ሁሉ በዓይኑ አየ። በ1941 ልብ ወለድ አድርጎ ጻፈው። ታሪኩ የሚጀምረው አንድ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሃርለም ሲገባና ሕዝቡ በሰልፍ ሲቀበለው ነው። የመልእክተኛው ስም ልጅ ተክላ አላማያ ነው፤ "ልጅ" የሚለውን ማዕረግ እንኳ በቦታው አስቀምጦታል። ለኢትዮጵያ የሚሰበሰበውን እርዳታና የሕዝቡን ፍቅር ኮሚኒስቶች ለራሳቸው ዓላማ ለመጥለፍ የሚያደርጉት ትግል የታሪኩ ጡንቻ ነው። የመጽሐፉ ርዕስ "ደግ መሳይ፣ ባለ ትልልቅ ጥርስ" እንደ ማለት ነው። እኛ የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ የምንለው ነው። በ1922 ሞስኮ ድረስ የሄደው ሰው ልቡ ከእነሱ ምን ያህል እንደራቀ እዚህ ይታያል። ሶቪየት ኅብረት በጦርነቱ ጊዜ ለጣሊያን ነዳጅ መሸጧ ያኔ ብዙ ጥቁሮችን አስቆጥቷል።

አሳታሚው መጽሐፉን አልቀበልም አለ። ጽሑፉ ጠፋ። ማኬይ ሞተ፤ ስለ መጽሐፉ የሚያውቅም አልነበረም። በ2009 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ተማሪ የአንድ አሳታሚን አሮጌ ወረቀቶች ሲያደራጅ በታይፕ የተጻፈ ወፍራም ጥራዝ አገኘ። ተማሪው ዣን ክሪስቶፍ ክሉቲየ ይባላል። ከፕሮፌሰሩ ጋር ደብዳቤ ከደብዳቤ እያመሳከሩ የማኬይ መሆኑን አረጋገጡ። መጽሐፉ የታተመው በ2017 ነው፤ ከተጻፈ ከ76 ዓመት በኋላ።

ማይጨው ላይ ሰው ሲያልቅ ሃርለም ውስጥ ምን ይባል እንደነበር፣ እዚያው በነበረ ገጣሚ ብዕር ተጽፎ፣ ሰባ ዓመት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ቢገኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ለምን አልተመለሰም?

እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ርዕሱም ይኸው የሆነ ሶኔት አለው። እመለሳለሁ፣ እስቃለሁ፣ እወዳለሁ ይላል፤ የመንደሩን የዋሽንት ዜማ እሰማለሁ፣ የረጅም ዓመታት ሕመሜን አስታግሳለሁ ይላል። በ1933 ያሳተመው ልብ ወለድም ከእንግሊዝ ወደ ጃማይካ መንደሯ ስለምትመለስ ልጅ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ሞሮኮ ተቀምጦ ነው። ልጅቷን መለሳት፤ ራሱን አልመለሰም።

በ1940 የአሜሪካ ዜጋ ሆነ። ጤናው ተጎዳ፣ ገንዘብ አጠረው። በታመመ ጊዜ የደረሱለት የካቶሊክ በጎ አድራጊዎች ነበሩ፤ በ1944 ቺካጎ ውስጥ ካቶሊክ ሆነ። ግንቦት 22 ቀን 1948 እዚያው ቺካጎ በልብ ሕመም ሞተ። ከጃማይካ ከወጣ 36 ዓመት ሆኖት ነበር።

አስከሬኑን ወደ ኒውዮርክ አመጡት። ማንጎው በመስኮት ይታይበት በነበረው ከተማ ቀበሩት።